ዲስኬት ቁጥር አንድ

«ይህ የምታዩት፣» አለች ሮሆቦት ወደ ስክሪኑ እየጠቆመች፣ «የሞተ ፋይል ነው።»

ዘጠነኛ ክፍል በሙሉ ሳቀ። በእርግጥም ያስቃል። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ቆብ በደፉ የላቲን ፊደሎች፣ በተገለበጡ የጥያቄ ምልክቶች፣ በቅንፎችና በክፍልፋይ ቁጥሮች ተሞልቷል። ድመት ኪቦርድ ላይ ተንከባልላ የጻፈችው ደብዳቤ ይመስላል።

«ቫይረስ በልቶታል። እዚህ የቀረው አጥንቱ ነው።»

«አጥንቱ» የሚለውን ትናንት መስታወት ፊት ስትለማመድ ነው ያገኘችው፤ ወድዳዋለች። ቫይረስ መሆኑን ግን እርግጠኛ አይደለችም። አላጣራችም። «ቫይረስ» ማለት «እኔንጃ» ከማለት የተሻለ ስለመሰላት ብቻ ነው።

የቴክኖሎጂ መምህሯ ኢንግቪልድ የሰጠችው ሥራ ቀላል ነበር፦ ከቤት አንድ የድሮ ዕቃ አምጡና ታሪኩን ንገሩን። አንዱ የአያቱን ሬዲዮ አመጣ፤ ሌላዋ ሽቦው የተጠቀለለ ስልክ። ሮሆቦት ያመጣችው መዳፍ የምታክል ጥቁር የፕላስቲክ ዲስኬት ነው። ግማሹ ክፍል የብርጭቆ ማስቀመጫ መስሎት ነበር። ሙሉ ሆዱ አንድ የስልክ ፎቶ እንኳ እንደማይችል ስትነግራቸው ግን ሁሉም አንገቱን አሰገገ።

ኢንግቪልድ አጨበጨበች። «በጣም ግሩም! ሐሙስ ወላጆች ሲመጡ በትልቁ አዳራሽ ሦስት ተማሪዎች ያቀርባሉ። አንዷ አንቺ ነሽ።»

ሮሆቦት ወደ ወንበሯ ልትመለስ ስትል ከኋላ አንድ እጅ ተነሣ። ዑመር ነው፤ ሒሳብ ላይ የሚፎካከራት ልጅ።

«አንድ ነገር አልገባኝም። ቫይረስ ከሆነ ለምንድን ነው በየመሥመሩ እየመጣ ሁለት ነጥብ፣ ከጎኑ ደግሞ ሌላ ሁለት ነጥብ የሚያስቀምጠው? ተመልከቺ፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ አዲስ ነገር ይጀምራል።»

ሮሆቦት ዞር ብላ አየች። እውነቱን ነው።

«ቫይረስ… እንደዚያ ነው።»

«ወላሂ፣ ጨዋ ቫይረስ ነው፣» አለ ዑመር።

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። ይህኛው ሳቅ ግን የሷ አልነበረም።

*

ዲስኬቱ የጋሽ መኩሪያ ነው። ወደ ሮሆቦት እጅ የመጣው ግን በፕሮጀክተር ምክንያት ነው።

ቤተሰቧ ኦስሎ ውስጥ የሚሄድበት የአማርኛ ቤተክርስቲያን እሑድ ከሰዓት አዳራሽ ይከራያል። ዓምና አንድ እሑድ፣ በመዝሙሩ መሃል፣ ግጥሙ ከግድግዳው ላይ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ፕሮጀክተሩን ከበው ሲመካከሩ ሮሆቦት ተነሥታ የላላውን ገመድ ገፋ አደረገችው። ግጥሙ ተመለሰ። እልልታ ሆነ። በሳምንቱ መድረክ ላይ አውጥተው እጅ ጭነው ጸለዩላት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «ኢንጂነር ሮሆቦት» ሆነ። ፓስወርድ የጠፋባት እናት፣ ስልኩ የሞላበት ዲያቆን፣ የልጃቸው ፎቶ የት እንደገባ የማያውቁ አባት፣ ሁሉም ወደ እሷ ነው። ኖርዌይ የተወለደ ልጅ ከኮምፒዩተር ጋር መንታ ሆኖ የተወለደ ይመስላቸዋል። ሮሆቦትም ይህን እምነት ለማረም የቸኮለችበት ጊዜ የለም።

ጋሽ መኩሪያ ከኋላ፣ ከድምፅ ማስተካከያው አጠገብ የሚቀመጡ ጡረተኛ ናቸው። ስለ እሳቸው የምታውቀው ሁለት ነገር ነው፦ አልናብሩ የባቡር ጭነት ተርሚናል ሃያ ሁለት ዓመት ፎርክሊፍት ነድተዋል፤ ኪሳቸው ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም። ከአንድ ወር በፊት ግን ከረሜላ ሳይሆን በላስቲክ የተጠቀለለ ዲስኬት አወጡ። ላዩ ላይ በእጅ «፩» ተብሎ ተጽፏል።

«ይከፈት እንደሆነ እስቲ እዪልኝ። ማሽኑ ከተጣለ ቆይቷል። ሌሎች ስምንት አሉኝ።»

ከትምህርት ቤት የዲስኬት ማንበቢያ ተዋሰች፤ ከፈተች፤ ያንን የድመት ደብዳቤ አየች። በሚቀጥለው እሑድ ነገረቻቸው።

«ሞቷል ጋሼ። ቫይረስ ነው።»

«ሲከፈት ምን ይመስላል?»

«ዝም ብሎ ዝብርቅርቅ ነው። ባሳይህም አይገባህም።»

«አንተ» የምትላቸው ንቃቸው አይደለም። ርእሰ መምህሩን በስሙ የሚጠራ የኦስሎ ልጅ «እርስዎ» ለማለት ሲሞክር ምላሱ ይተሳሰራል። «አይገባህም» ያለችው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አስባ አታውቅም። ጋሽ መኩሪያ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉ። ለትምህርት ቤት ልትወስደው ስትጠይቃቸውም «ያንቺ ይሁን» ብለው ትተውላት ሄዱ።

*

ክፍል ውስጥ ባቀረበችበት ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኤልሮኢ አብራት ነበረች። ኤልሮኢ የክፍሏም የቤተክርስቲያኗም ጓደኛ ናት፤ በየሄደችበት ቤት ዳቦ የት እንደሚቀመጥ ታውቃለች። የሮሆቦት እናት የምሥራች በር ላይ ቆማ ጫማዋን ትታገላለች። አረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምትሠራው፤ የከሰዓት ፈረቃ አላት።

«ሾርባው ምድጃው ላይ ነው። እኔ ዘግይቻለሁ፤ ለጋሽ መኩሪያ ካርቶን አድርሼ ነው የመጣሁት። ወደ ትንሽ ቤት ሊዛወሩ አይደል? ነገ ጠዋት መኪና መጥቶ የቦዳቸውን ዕቃ ይወስዳል።»

ቦድ ሕንፃው ሥር ያለችው የእንጨት ፍርግርግ ዕቃ ቤት ናት፤ ኦስሎ ውስጥ ሰው መጣል ያልቻለው ነገር ሁሉ የሚሸሸግበት።

«ሁሉንም ሊጥሉት ነው?» አለች ኤልሮኢ አፏ በዳቦ ተሞልቶ።

«ወረቀቱን፣ መጽሐፉን፣ ያቺን የዲስክ ሳጥን ሳይቀር። አሳዘኑኝ። አስተማሪ ሰው ወረቀት ሲጥል ማየት ደስ አይልም።»

«የምን አስተማሪ?» አለች ሮሆቦት።

«የኤሌክትሮኒክስ ነዋ! አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። እስካሁን አታውቂም እንዴ? በሉ ቻው፣ በር ቆልፉ።»

በሩ ተዘጋ። ሮሆቦት ባለችበት ቀረች። ባሳይህም አይገባህም። ይህን ያለችው ለኤሌክትሮኒክስ መምህር ነው።

ላፕቶፑን ከፈተች።

«ደግሞ ያን አጥንት?» አለች ኤልሮኢ።

«ዑመር ያለው ነገር እያሳከከኝ ነው። አራቱን ነጥብ ተመልከቺ።»

«አራት ምን?»

ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ሮሆቦት ስልኳን አወጣችና የእሑዱን የመዝሙር ግጥም ፈለገች። አማርኛ ማንበብ ትችላለች፤ ግን እንደ አሮጌ ሊፍት ነው የምታነበው፣ በየፎቁ እየቆመች። ዓይኗ ወደ መሥመሩ መጨረሻ ሄደ። አራት ነጥብ።

«ኤልሮኢ። ይሄ አማርኛ ነው።»

«ኔይ፣ አይደለም።»

«ያ፣ ነው እንጂ!»

ኢንግቪልድ በመስከረም ያስተማረችው ትዝ አላት። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፎንት የሚባለው ደግሞ ቁጥሩ ስክሪን ላይ ሲወጣ የሚለብሰው ልብስ ነው። ቁጥሮቹ እንዳሉ ናቸው ማለት ነው። አንዲቱም አልተበላችም። የጎደለው የአማርኛው ልብስ ነው፤ እሱ ስለሌለ ላፕቶፑ ያገኘውን የፈረንጅ ኮት አልብሷቸው ነው።

ከየት ይጀመራል? በጣም የሚደጋገመውን ምልክት ቆጠሩ፤ ሦስት አራተኛ የምትለዋ ክፍልፋይ፣ ¾፣ አብዛኛውን ጊዜ ቃል መጀመሪያ ላይ ናት። በአማርኛ እንደዚያ የሚወድ ማነው? «የ!» አለች ኤልሮኢ ወንበሩን ገልብጣ እየተነሣች።

ሰው ደግሞ መጀመሪያ ገጽ ላይ ስሙን ይጽፋል። ከርእሱ ሥር አንዲት ብቸኛ መሥመር አለች፤ የመጀመሪያዋ ቃል አምስት ምልክት ናት። መኩሪያ ግን አራት ፊደል ነው። አስር ደቂቃ ተጨቃጨቁ። ኋላ ሮሆቦት ሦስተኛዋ ምልክት በገጹ ሁሉ የሌላ ጅራት ሆና እንጂ ብቻዋን ቆማ እንደማታውቅ አየች። ጅራት አይደለችም፤ እግር ናት። «ኩ» ከሁለት ቁራጭ የተሠራች ናት፤ አካሉ አንድ ቦታ፣ እግሩ ሌላ ቦታ።

ከዚያ በኋላ መፈለጊያና መተኪያውን ከፍታ አንድ በአንድ ትቀይር ጀመር። መ ስትል ገጹ ላይ ሁለት መቶ መ ብቅ አለ። ሪ። ያ። ውጭው ገና በአስር ሰዓት ጨልሟል፤ በመስኮቱ የሚታዩት የሰፈራቸው የሊንደበርግ ሕንፃዎች መስኮት በመስኮት ሲበሩ፣ ገጹም ፊደል በፊደል ይበራል። የታወቀው ፊደል ያልታወቀውን ይጠቁማል፤ «ኮም» ካሉ «ፒዩተር» ይከተላል። ሮሆቦት ሾርባውን ረሳችው። የሆነ ሰው፣ የሆነ ዘመን፣ ለአማርኛ ቦታ በሌለው ማሽን ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሀ፣ ለለ፣ ለሐ ማደሪያ ፈልጓል። ስሙን አታውቀውም። እጇ ላይ ያለው ጸጉር ግን ቆመ።

ርእሱ ወጣ፦ «ኮምፒዩተር እንዴት ያስባል? ለተማሪዎች የተዘጋጀ።» ከሥሩ መግቢያው መጣ። ሮሆቦት በየፎቁ እየቆመች አነበበችው።

«ውድ ተማሪዎቼ፤ ምዕራፍ አምስት ላይ ትቻችሁ ሄድኩ። ትራንዚስተርን ነገ እንጨርሳለን ብያችሁ ነበር። ነገው ራቀ። ስለዚህ ከአልናብሩ፣ በምሳ ሰዓቴ እየጻፍኩ፣ እጨርስላችኋለሁ።»

ኤልሮኢ ዳቦውን አስቀመጠች።

«ለመነሻ ያህል፦ ትራንዚስተር ማለት የሚኒባስ ታክሲ በር ላይ የቆመ ረዳት ነው። መኪናውን አይገፋም፤ ጉልበት የለውም። በጣቱ ግን የመኪናውን ገላ ኳ ኳ ሲያደርግ ያ ሁሉ ብረት፣ አስራ ሁለት ሰው ከነዘንቢሉ፣ ይንቀሳቀሳል፤ ወይም ይቆማል። ትንሽ ምልክት ትልቁን ኃይል ታዛለች። ኮምፒዩተር ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሂድና ቁም ብቻ የሚያውቁ ሚሊዮን ረዳቶች ናቸው፤ በአንድ ጥፍር ላይ ተሰልፈው።»

«ይሄ ድሮ ነው። አሁን ስንት ነው?» አለች ኤልሮኢ።

ሮሆቦት ፈለገች። «በስልኬ ውስጥ ያለችው ቺፕ ብቻ… ከአስር ቢሊዮን በላይ።»

«አስር ቢሊዮን ረዳት! አንዱም ዝርዝር የለውም።»

ሳቁ። ሮሆቦት ግን ስልኳን መልሳ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው፣ እንደ እንቁላል ነበር ያስቀመጠችው።

ከጥቂት ገጽ በኋላ ፋይሉ አለቀ። ዲስኬት ቁጥር አንድ የሚያበቃው ምዕራፍ ሁለት ላይ ነው። ምዕራፍ አምስት እዚህ የለም። ነገ ጠዋት መኪና ይመጣል።

«ተነሺ፣ እንንገራቸው፣» አለች ኤልሮኢ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ቆይ፣ ቆይ። ሐሙስስ? የሞተ ፋይል ብለሽ አይደል የተመረጥሽው?»

«አውቃለሁ።»

«በቃ ተነሣ በያቸው! አዲስ ፕሮግራም ወጣ፣ በሱ አስነሣሁት በይ። ማን ያውቃል? እሑድ ማይክ ይሰጡሻል፤ ምስክርነት! ‹ቅዱሳን ሆይ፣ ዲስኬቱ በድን ነበር› ስትዪ እልልታው እስከ መሃል ከተማ ነው የሚሰማው። ሐሙስም ያው ያንኑ ታቀርቢያለሽ፤ ሞቶ ነበር፣ ተነሣ። እንዲያውም ይበልጥ ያምራል።»

ኤልሮኢ እየቀለደች ነበር። የሮሆቦትን ቀልብ ግን ከቀልዱ ሥር ያለው ሐሳብ ወሰደው። በእርግጥም ያምራል። ማንም አይጎዳም። ጋሽ መኩሪያ መጽሐፋቸውን ያገኛሉ፣ ኢንጂነሯም ኢንጂነር እንደሆነች ትቀራለች። ኤልሮኢ ወደ እጅ ኳስ ልምምዷ ሄደች፤ ሮሆቦት ላፕቶፑንና ማንበቢያውን አቅፋ በሕንፃዎቹ መሃል ስትራመድ ዓረፍተ ነገሩ ተዘጋጅቶ አልቋል፦ አዲስ ፕሮግራም አገኘሁ ጋሼ።

*

ጋሽ መኩሪያ ቦዳቸው ውስጥ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ካርቶን ያሽጋሉ። ከበሩ አጠገብ አፋቸው የታሰረ ጥቁር ላስቲኮች ተደርድረዋል።

«ኢንጂነር! ምን እግር ጣለሽ?»

ላፕቶፑን ከፍታ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። መነጽራቸውን ፈለጉ፤ ግንባራቸው ላይ ነበር። አወረዱት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ታያለች። «ነገው ራቀ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ከንፈራቸው ቆመ።

ጣታቸውን ከመሥመሩ ሥር አድርገው እንደገና አነበቡት።

«ሞቷል ብለሽኝ አልነበር?» አሉ ድምፃቸው ቀጥኖ። «የዘንድሮ ፕሮግራም የማይሠራው የለም አይደል! ምን አድርገሽ አስነሣሽው?»

ለውሸቱ በሩን ራሳቸው ከፈቱላት። መግባት ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ አፏንም ከፍታለች። ነገር ግን እኚህ ሰው ለተማሪዎቻቸው አንድ ምዕራፍ ስለቀረባቸው በምሳ ሰዓታቸው፣ ፊደል በሌለው ማሽን ላይ፣ ፊደል በፊደል የጻፉ ሰው ናቸው። አፏን ዘጋችው። ከዚያ እንደገና ከፈተችው።

«አላስነሣሁትም ጋሼ። አልሞተም ነበር። ፎንቱ ስለሌለ ነው፤ እኔ ማንበብ አቅቶኝ ነው። ቫይረስ ያልኩት… ዝም ብዬ ነው። ምንም አላየሁም። አይገባህም ያልኩህም…»

በዚህ መሃል መብራቱ ጠፋ። የቦዱ መብራት ሰው ካልተንቀሳቀሰ ሄዷል ብሎ ራሱን ያጠፋል። ሁለቱም በጨለማ ውስጥ እጃቸውን ወደ ላይ ያወናጭፉ ጀመር፤ አምልኮ ላይ ያሉ ይመስላሉ። ሲበራ ጋሽ መኩሪያ እየሳቁ አልነበረም፤ ተቆጥተውም አልነበረም። የሆነ ነገር እየመዘኑ ነበር።

«እኔ ክፍል ውስጥ ሽቦውን ሳይነካ ‹ተቃጥሏል› የሚል ተማሪ ዜሮ ነበር የሚያገኘው።»

«እኔም ዜሮ ነኝ?»

«ዜሮ ነሽ።» ከረሜላ አወጡ። «ኮምፒዩተር ውስጥ ደግሞ ዜሮ ያልሆነ ነገር አንድ ነው፤ ሌላ ምርጫ የለም። ቀጥዪ።»

ከረሜላውን ተቀብላ ኪሷ ከተተችው።

«እኔም ጥፋት አለብኝ፣» አሉ ቀስ ብለው። «‹ስክሪኑን አሳዪኝ› ማለት እችል ነበር። አንዴ ባየው እኮ አውቀው ነበር። ግን እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ልጆች ሲናገሩ ማመን ለመድኩ። ደብዳቤውን ያነቡልናል፣ ቢሮ ይዘውን ይሄዳሉ። ምን እንደማውቅ ረሳሁት መሰለኝ።»

«ለምንድን ነው ኩ ሁለት ቦታ የተቆረጠችው?»

ጋሽ መኩሪያ ቀና አሉ። ሮሆቦት ይህን ፊት አይታው አታውቅም፤ አንድ ተማሪ ትክክለኛውን ጥያቄ ሲጠይቅ መምህር የሚያሳየው ፊት ነው።

«ቤት ጠፍቶ ነዋ! በዚያን ጊዜ በአንድ ፎንት ውስጥ ለፊደል ያለው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ቁጥር ነው። ገሚሱን ፈረንጅ ይዞታል። የኛ ደግሞ ቤተሰቡ ብዙ ነው፤ ሰባት ሰባት ልጅ፣ ከነዲቃላው። ስለዚህ ምን ተደረገ? ደባል ገባን። ክፍልፋይ ቁጥሩ ቤት ‹የ› ገባ። የጠበበን ጊዜ ፊደሉን ቆርጠን አካሉን አንድ ክፍል፣ እግሩን ሌላ ክፍል አሳደርነው። አከራዩ እንኳ አላወቀም።»

ሮሆቦት ሳቀች፤ ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። እናቷ ኦስሎ እንደገባች ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር በአንዲት ክፍል መኖሯን ትነግራት ነበር። ፊደሎቹም እንደዚያ ገብተው ነበር ማለት ነው፤ ተጠጋግተው፣ ማንም ሳያያቸው።

«ሌሎቹስ ጋሼ? ስምንቱ?»

ጋሽ መኩሪያ ወደ ላስቲኮቹ አዩ። «ከነዚህ በአንዱ ውስጥ።»

ሦስተኛው ላስቲክ ውስጥ ነበሩ፣ ከተቀደዱ የክረምት ጓንቶች ሥር። ሰባቱ ደህና ናቸው፤ ቁጥር አራት ተሰንጥቋል። ጋሽ መኩሪያ ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ዛሬ ይሁን ከወር በፊት ወይም ከዓመታት በፊት የተሰነጠቀ፣ ማንም አያውቅም።

«ዘጠኝን አምጪ። ፎንቱ እሱ ላይ ነው።»

ማንበቢያው ዲስኬቱን ሲውጥ እንደ ሽማግሌ አጉረመረመ። ጫነችው። ትምህርት ቤት ያሳየችውን የመጀመሪያውን፣ ያልነካካችውን ፋይል ከፈተች፤ ሁሉንም መርጣ ፎንቱን ቀየረች።

ገጹ በአንድ ብልጭታ ዞረ። ቆብ የደፉት፣ የተገለበጡት፣ ቅንፎቹና ክፍልፋዮቹ የሉም። ከላይ እስከ ታች አማርኛ ሆነ፤ እግሮቹ ሁሉ አካላቸውን አገኙ። ሮሆቦት ለሁለት ሰዓት በእጇ የለቀመችው ነገር በቅጽበተ ዓይን ሲሠራ አየች፤ ግን አልቀናችም። እያንዳንዷ ፊደል ከየት እንደመጣች ታውቃለችና።

«ምዕራፍ አምስት፣» አሉ ጋሽ መኩሪያ በሹክሹክታ። «እስቲ አምስትን ፈልጊልኝ።»

«እሺ። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ስጠኝ።»

ወደ ደረጃው ወጣች። ስልኳን አውጥታ ለኢንግቪልድ መጻፍ ጀመረች። ረጅም ሆነ፤ በጣም የሚያምር ማብራሪያ ነበረው፣ ስለ ፎንት፣ ስለ ዘመኑ፣ ማንም ሰው ሊሳሳት እንደሚችል። አጠፋችው። ሁለተኛውንም አጠፋችው። ሦስተኛው አጭር ሆነ።

«ዛሬ ክፍል ውስጥ ያልኩት ስሕተት ነው። ቫይረስ የለም፤ አላጣራሁም ነበር። ዑመር ልክ ነበር። ሐሙስ ካቀረብኩ ይህን ተናግሬ ነው የምጀምረው። በሌላ ተማሪ ልትቀይሪኝ ከፈለግሽ ይገባኛል።»

ላከችው። መልስ ሳትጠብቅ ወደ ታች ወረደች፤ ምዕራፍ አምስት ይጠብቃታል፣ መኪናው ሳይመጣ መፈተሽ ያለባቸው ገና ያልተከፈቱ አራት ካርቶኖችም ነበሩ።